እንቅርት ከወጣ በኋላ ካልሲየም የሚያንሰው ማን ላይ ነው?

በጎጃም ደጋ ብዙ ሰው እንቅርቱን ለዓመታት ተሸክሞ ይኖርና መዋጥ ወይም መተንፈስ ሲከብደው ነው ባሕር ዳር ወይም ደብረ ማርቆስ ለኦፕራሲዮን የሚመጣው። ከዚያ በኋላ ቤተሰብ የሚጠይቀው ስለ ድምፁና ስለ ቁስሉ ነው። ካልሲየም ግን በጣም የሚወርደው አብዛኛውን ጊዜ ከ2ኛው እስከ 4ኛው ቀን ነው፤ በሽተኛው ሞጣ ወይም ደብረ ኤልያስ ቤቱ ከገባ በኋላ ማለት ነው። ስለዚህ አደጋው ማን ላይ እንደሚያይል ከሆስፒታል ሳይወጣ መታወቅ አለበት።

እንቅርት የሚባለው ሲያብጥ ከሚታየው የአንገት ዕጢ፣ ከታይሮይድ፣ ጀርባ ምስር ምስር የሚያካክሉ፣ ብዙ ጊዜ አራት የሆኑ ፓራታይሮይድ ዕጢዎች አሉ። የደም ካልሲየምን የሚጠብቀው ሆርሞን ከነሱ ነው የሚመነጨው። መልካቸው ከስብ ስለማይለይ ሳይታወቅ አብረው ሊወጡ ይችላሉ። ሳይነኩ ቢቀሩም እንኳ ደም የሚያደርሰው ቀጭን ሥር ከተጎዳ ሥራ ያቆማሉ። ብዙዎቹ በሳምንታት ውስጥ ያገግማሉ፤ ከ6 ወር በላይ ከዘገየ ግን ችግሩ ዘላቂ ሊሆን ይችላል።

ታይሮይዱ በአንድ ጎን ብቻ ከወጣ በሌላው ጎን ያሉት ዕጢዎች ይበቃሉ። ሥጋቱ ሙሉ በሙሉ ሲወጣ ነው። ከዚህ ላይ ካንሰር ኖሮ የአንገት ንፍፊቶች አብረው ከተጠረጉ፣ እንቅርቱ ወደ ደረት የወረደ ከሆነ፣ ወይም ቀድሞ ተሠርቶ ጠባሳ ያለበት አንገት እንደገና ከተከፈተ ይብሳል። ዓይን የሚያስፈጥጠውና ልብ የሚያስመታው ግሬቭስ የተባለው የታይሮይድ በሽታ ለብቻው መታየት አለበት፤ በሽታው አጥንትን ሲያራቁት ስለኖረ፣ ታይሮይዱ እንደወጣ አጥንቱ ካልሲየሙን ከደም ይስባል። ሴቶች፣ በተለይ ነፍሰ ጡሮችና የሚያጠቡ፣ ከወንዶች ይበልጥ ይጋለጣሉ። ቫይታሚን ዲ ያነሰውም እንዲሁ፤ ፀሐይ በሞላበት አገር አይጎድልም ብሎ መዝለል ስሕተት ነው። ማግኒዥየም ከጎደለ ደግሞ እሱ ሳይስተካከል ካልሲየሙ ብቻውን አይነሣም።

የፓራታይሮይድ ሆርሞን ምርመራ በሌለበት ሆስፒታል ካልሲየምን በማግስቱና በቀጣዩ ጠዋት መለካት ይቻላል። መደበኛው ከ8.5 እስከ 10.5 ሚሊግራም በዴሲሊትር አካባቢ ነው። አልቡሚን የተባለው የደም ፕሮቲን በዴሲሊትር ከ4 ግራም በታች ከሆነ፣ ለጎደለው ለእያንዳንዱ 1 ግራም በካልሲየሙ ቁጥር ላይ 0.8 ይደመራል፤ ይህ ካልተደረገ የምግብ እጥረት ያለበት ሰው ቁጥር ያሳስታል።

ሙሉ ታይሮይዱ ለወጣለት ሰው ምልክት ሳይጠበቅ ካልሲየም ማስጀመር ይሻላል። የተለመደው 1250 ሚሊግራም ካልሲየም ካርቦኔት በቀን 3 ጊዜ ከምግብ ጋር ነው፤ አንዱ ክኒን የሚሰጠው ንጹሕ ካልሲየም 500 ሚሊግራም ነው። ሥጋቱ ከፍ ላለበት ካልሲትሪዮል (ለሥራ ዝግጁ የሆነ ቫይታሚን ዲ) ይጨመርለታል፤ መጠኑን ሐኪሙ ይወስናል። የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰውን ኦሜፕራዞል የሚወስድ ሰው ካርቦኔቱ በደንብ አይሰርጽለትም። የታይሮይድ ሆርሞን ክኒኑ በባዶ ሆድ ከተዋጠ በኋላ ካልሲየሙ ቢያንስ 4 ሰዓት ይቆይ።

እዚህ ላይ ጾም ይመጣል። እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው የቀኑን ካልሲየም ማታ በአንዴ ቢውጠው አብዛኛው ሳይሰርጽ ያልፋል። ለነፍስ አባት ቀድሞ መንገር ነው፤ በሽተኛ እንዲጾም አይገደድም። በፍስክም ቢሆን ወተትና እርጎ ክኒኑን አይተኩም።

መጀመሪያ የሚመጣው ከንፈር ዙሪያ መደንዘዝና የጣት ጫፍ መውረር ነው። ቀጥሎ ጡንቻ ይሸማቀቃል፦ አንጓ ይታጠፋል፣ አውራ ጣት ወደ መዳፍ ይገባል፣ ሌሎቹ ጣቶች ቀጥ ብለው ይገጥማሉ። በጤና ጣቢያ የደም ግፊት መለኪያውን ከላይኛው ቁጥር በ20 አስበልጦ ለ3 ደቂቃ ማቆየት ይህንኑ ያወጣዋል። ጉሮሮ ከጠበበ ወይም ሰውየው ከተንቀጠቀጠ ካልሲየም ግሉኮኔት በደም ሥር፣ በዝግታ፣ ልብ እየታየ ይሰጣል፤ በፍጥነት ከተገፋ ልብን ያውካል። እንዲህ ያለውን ሰው የሚጥል በሽታ ነው ብሎ በቀጥታ ጠበል መውሰድ ያጋጥማል። ጠበሉን የሚከለክል የለም፣ ግን መርፌው ይቅደም። የመውጫ ወረቀቱ ላይ «ታይሮይዱ ሙሉ በሙሉ ወጥቷል» ተብሎ በግልጽ ይጻፍ፤ የወረዳው ነርስ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው።