ነርሱ ከማን ጋር ይግባ?

ሰኔ 18 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት። ድሬ፣ እናቴ ግቢ፣ በረንዳው ላይ ፍራሽ ዘርግቼ፣ ሽርጤን አሸርጬ ስልኬ ላይ አፍጥጫለሁ። የሰኔ ወበቅ ሌሊትም አይለቅም፤ ላቤ በጀርባዬ ይወርዳል። ስልኩ ውስጥ ያሉት ደግሞ በረዶ ላይ እየተንሸራተቱ ይላተማሉ። የበረዶ ሆኪ ነው፤ ኤድመንተን ኦይለርስ ከፍሎሪዳ ፓንተርስ፣ የስታንሊ ዋንጫ ፍጻሜ፣ ሰባተኛ ጨዋታ።

እዚያ ፍጻሜው በአንድ ጨዋታ አያልቅም። ቀድሞ አራት ያሸነፈ ነው ዋንጫውን የሚወስደው። እኛ 3 ለ 0 ተመርተን፣ ለቅሶ ተቀምጠን ካበቃን በኋላ ሦስቱን ተከታትለን አሸንፈን 3 ለ 3 ሆነናል። «እኛ» የምለው ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ። ካናዳ፣ ኤድመንተን ከገባሁ 9 ዓመቴ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ያቺን እንደ ኳስ የሚጫወቱባትን ጥቁር ጠፍጣፋ ክብ ጎማ፣ ፐክ የሚሏትን፣ በዓይኔ ማግኘት እንኳ አቅቶኝ ነበር። መጋዘን አብሮኝ የሚሠራ የሐረር ልጅ ነው ያስተማረኝ። «ፐኳን ተዋት፣ አታገኛትም። ተከላካዮቹን እያቸው፤ ጨዋታው ወዴት እንደሚሄድ እነሱ ይነግሩሃል» አለኝ። የሐረር ሰው ሲያስተምር እንዴት እንደሚንጠባረር የድሬ ልጆች ታውቃላችሁ። ግን ልክ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምሳ ሰዓታችን ሁሉ ክርክር ሆነ፤ ተከላካይ ከማን ጋር ይጣመር፣ አሰልጣኙ ምን ነክቶት ነው።

የዚያን ሌሊት የእኔ ኢንተርኔት ምስሉን እየቆራረጠ ሲያቃጥለኝ፣ እሱ ኤድመንተን ሆኖ በዋትስአፕ ደወለልኝና ስልኩን ቴሌቪዥኑ አጠገብ አስቀመጠው። እሱ ጋ ገና ምሽት ነው፤ 12 ሰዓት። ጨዋታው ተጀምሮ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ እንደተለመደው ተጨቃጨቅን።

«ነርሱን ከዚያ አውጡት!» ብዬ ጮህኩ።

እናቴ ከውስጥ ተነሣች። «የምን ነርስ ነው? ማን ታሞ ነው በዚህ ሌሊት?»

ዳርኔል ነርስ የሚባል ተከላካይ መሆኑን፣ በስምንት ዓመት 74 ሚሊዮን ዶላር ውል እንዳለው ላስረዳት ሞከርኩ። «ነርስ ሆኖ 74 ሚሊዮን?» አለችና አማትባ ተመልሳ ተኛች።

ጩኸቴ ያስነሣው ሌላ ሰው ግን አልተመለሰም። ከግቢው ጀርባ የሚኖሩት የምድር ባቡር ጡረተኛ ጋሼ ናቸው። እንዲህ ስጽፍ «ናቸው» እላለሁ እንጂ ፊት ለፊትማ አንተ ነው የምንባባለው፤ የሸዋ ሰው ይቅር ይበለን፣ ድሬ አንቱታ አልለመደብንም። ከዘራቸውን ይዘው መጡ። «ወሪያ! ሌባ ገባ እንዴ?» ከዚያ ስልኩን አዩ። ከዚያ ፍራሼ ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

ጋሼ ኳስ ያውቃሉ። በ1968 የአፍሪካ ዋንጫ አንዱ ምድብ የተጫወተው ድሬዳዋ ስታዲየም ነው፤ ዋንጫውን የወሰደችው ሞሮኮም የምድብ ጨዋታዋን እዚህ ነው ያደረገችው። እሳቸው ያንን ሁሉ በዓይናቸው አይተዋል። ራሳቸውም በሠፈር ቡድን ተመላላሽ ነበሩ።

«ስንት ተከላካይ ነው ያላቸው?»

«ሜዳ ላይ ሁለት።»

«ሁለት ብቻ?»

«ከበረኛው ሌላ አምስት ናቸው፤ ሦስት አጥቂ፣ ሁለት ተከላካይ። ግን ተቀያሪ ሌላ ሁለት ጥንድ አለ። በየ45 ሴኮንዱ ገደማ ይቀያየራሉ፣ ጨዋታው ሳይቆም።»

«ሳይቆም!» ትንሽ አሰቡ። «ታዲያ አሰልጣኙ ሥራው እሱ ነዋ። ማን ከማን ጋር፣ በማን ላይ።»

አቦ፣ እኔ ሁለት ዓመት የፈጀብኝን እሳቸው በሁለት ደቂቃ።

ከዚያማ እኔና የሐረሩ ልጅ ዳኛ አገኘን። ጉዳዩ ይሄ ነው፦ ነርስና ኮዲ ሴሲ ሲጣመሩ ጎል ይገባብን ነበር፣ ደጋፊው ሁሉ ያየዋል። አሰልጣኙ ክሪስ ኖብላክ ግን ቶሎ አልነካቸውም። ከፍጻሜው በፊት በነበረው ዙር ከዳላስ ጋር በጨዋታ ብዛት 2 ለ 1 ከተመራን በኋላ፣ በአራተኛው ጨዋታ ነው ተከላካዩን የነካካው፤ ቪንሰንት ደሃርኔን አስቀምጦ ፊሊፕ ብሮበርግ የሚባል ወጣት አስገባ። ከዚያ ሦስቱን አሸንፈን ፍጻሜ ገባን። እኔ ዘግይቷል ባይ ነኝ። የሐረሩ ልጅ ደግሞ «ኖብላክ በፈረንጆቹ ኅዳር 2023 ሲመጣ ቡድኑ ከ13 ጨዋታ ሦስት ብቻ ነበር ያሸነፈው። ሳይደናገጥ ነው 16 ተከታታይ ያሸነፈው። በየሳምንቱ ጥንድ ቢቀያይር የት ይደርስ ነበር?» ይላል።

ጋሼ ሁለታችንንም አልሰሙም። ብሮበርግን ነበር የሚያዩት። «ይሄ ልጅ ግራኝ አይደለም እንዴ? ቀኝ በኩል ምን ይሠራል?»

ዝም አልን። ልክ ናቸው። ዱላውን በግራ የሚይዝ ተከላካይ ቀኝ ሲሰለፍ፣ ግድግዳውን ታክካ የመጣችውን ፐክ የሚቀበለው በዱላው ጀርባ ነው፤ የሚያቀብለውም አንገቱን አዙሮ። ቀኝ እጅ ተከላካይ እንደልብ ስለማይገኝ ብዙ ቡድን ይቸገርበታል።

«እኔን ግራ እግረኛውን ቀኝ ተመላላሽ አድርገውኝ አንድ ዓመት ተጫወትኩ» አሉ። «የማውቃት ኳስ ሁሉ ባዕድ ሆነችብኝ። ይሄ ግን ችሎታል። ተጠንቀቁለት።»

ሁለተኛው ሃያ ደቂቃ ሊያልቅ ሲል ሳም ራይንሃርት አገባብን፣ 2 ለ 1። ብዙም ሳይቆይ የሱብሂ አዛን ተሰማ። ሦስተኛውን ክፍለ ጊዜ ምን ላውራችሁ፤ ኮከባችን ኮነር ማክዴቪድ ኳተነ፣ እኛም ኳተንን፣ አልገባም። ሲነጋ የፍሎሪዳ ልጆች ዋንጫውን ከፍ አደረጉ። የውድድሩ ኮከብ ተብሎ የተጠራው ግን የእኛው ማክዴቪድ ነበር። ሽልማቱን ሊቀበል ወደ በረዶው አልተመለሰም። እኔም ዓይኔን በሽርጤ ጠረግኩ፤ ጋሼ አዩኝ። «አቦ፣ ለበረዶ ታለቅሳለህ?» አሉኝና ፈጢራ እንብላ ብለው ይዘውኝ ወጡ።

እውነቱን ለመናገር ለዋንጫው ብቻ አልነበረም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ድሬ ናፍቆኝ ሲያንገበግበኝ ኖሮ፣ ድሬ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ያ መጋዘን፣ ያ ቀዝቃዛ ሳንድዊች የምንበላበት ክፍል፣ ያ የሐረር ልጅ ንጥብራር ናፈቀኝ። ይሄን ለማን ይነገራል?

ኤድመንተን ተመለስኩ። በነሐሴ አጋማሽ ሴንት ሉዊስ ለብሮበርግ ውል አቀረበለት፤ የእኛዎቹ እኩል ከፍለው ለማስቀረት ሰባት ቀን ነበራቸው፣ ተዉት። ሴሲም ለሳን ሆዜ ተሰጠ፣ ደሃርኔ ቀድሞ ቫንኩቨር ሄዷል። ለጋሼ በድምፅ መልእክት ነገርኳቸው። መልሳቸው ሁለት ደቂቃ ነበር፤ የመጀመሪያው አንድ ደቂቃ ስድብ ነው፣ እዚህ አልጽፈውም።

የድምፁን መልእክት ለሐረሩ ልጅ አሰማሁት፤ ስልካቸውን ስጠኝ አለኝ፣ ሰጠሁት። ስሕተቱ የእኔ ነው። አሁን ሁለቱ በቀጥታ ይላላካሉ። ባለፈው ሳምንት ነርስ ከማን ጋር መግባት እንዳለበት ተስማምተው ጨርሰዋል፤ እኔን አልጠየቁኝም። ለምን ብዬ ብጠይቅ የሐረሩ ልጅ ምን አለኝ፦ «ጋሼ አንተ ስሜታዊ ነህ ብለዋል።»