የፔዳ ሜዳና የጉማራ መረብ

አንድ ዩኒቨርሲቲ ከሚኖርበት ከተማ ጋር ያለውን ዝምድና ማወቅ የፈለገ ሰው፣ ዓመታዊ ሪፖርት ከሚያገላብጥ ይልቅ ሕዝቡ ተማሪውን ፊት ለፊት የሚተችበት ቦታ የት እንደሆነ ቢጠይቅ ይሻለዋል። በባሕር ዳር ይህ ቦታ የእግር ኳስ ሜዳ ነው። የመጀመሪያ ዲግሪዬን በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ ተምሬ፣ አሁን በዚሁ ዩኒቨርሲቲ ዘንዘልማ ግቢ በዓሣ ሀብት ላይ ሁለተኛ ዲግሪዬን እየሠራሁ ነው፤ ምርምራችንና የማኅበረሰብ አገልግሎታችን ከኳሱ ሜዳ የሚማሩት ብዙ ነገር እንዳለ የገባኝም በዚሁ መሀል ነው።

ታሪኩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ላስታውስ። ተማሪው ፖሊ የሚለው ፖሊ ቴክኒክ እ.ኤ.አ. በ1963 በሶቪየት ኅብረት ርዳታ ተቋቋመ፤ ፔዳ የሚለው፣ መምህራን የሚያሠለጥነው የፔዳጎጂ አካዳሚ ከዐሥር ዓመት ያህል በኋላ ተከተለ። ሁለቱ በ1992 ዓ.ም. ተዋሕደው ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሆኑ። በወረቀት ከተዋሐዱ ከሃያ ዓመት በላይ ቢያልፍም ኳስ ሜዳ ላይ ግን ዛሬም አልተዋሐዱም። ፔዳና ፖሊ ሲጋጠሙ፣ ከሐረርም ይምጣ ከወላይታ፣ ተማሪው ሁሉ ግቢው በወጣለት ስም ይምላል፤ ከአንድ ወር በፊት የገባ ፍሬሽ ሳይቀር «እኛ ድሮም እናሸንፋቸዋለን» ሲል ይሰማል።

የዲፓርትመንቶች ውድድርና ተማሪው ጂሲ ካፕ የሚለው የተመራቂዎች ዋንጫ ደግሞ የራሳቸው ወግ አላቸው። አንድ ጥንድ ታኬታ በአንድ ዶርም ውስጥ ለሦስት ተጫዋች ያገለግላል፤ እግሩ የሰፋው ተራው ሲደርስ ማሰሪያውን እስከ መጨረሻው ፈትቶ፣ ጣቶቹን አጥፎ ያስገባል፤ ትንሽ እግር ያለው ካልሲ ይደርባል። ማልያ የሚገዛው በመዋጮ ስለሆነ ያላዋጣ ሰው ተቀያሪ ወንበር ላይም አይቀመጥም። ከከተማው ሰፈሮች ቡድኖች ጋር የወዳጅነት ጨዋታ ሲኖር ግን ነገሩ ይከብዳል። የባጃጅ ሾፌሩ፣ ጫማ የሚያሳምረው ልጅና ጡረታ የወጡት መምህር ከመስመሩ ጥግ ቆመው ያለ ይሉኝታ ይፈርዳሉ። «አንተ ኢንጂነር፣ ኳሷን በሂሳብ ነው እንዴ የምትመታት?» የተባለው የፖሊ አጥቂ ያን ሰው በሚቀጥለው ሳምንትም እዚያው ቦታ ቆሞ እንደሚያገኘው ያውቃል። ተጫዋቹ ስህተቱን አርሞ የሚመጣው ስለዚህ ነው።

ይኸው ተማሪ ስታዲየም ሲገባ ቲፎዞ ይሆናል። ባሕር ዳር ከነማ በ2011 ዓ.ም. ወደ ፕሪሚየር ሊግ ካደገ ወዲህ ከበሮው ከሚመታበት ጥግ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አይጠፋም። ኅዳር 9 ቀን 2012 ዓ.ም. ዋልያዎቹ አይቮሪ ኮስትን 2 ለ 1 ያሸነፉትም በዚሁ ስታዲየም ነበር። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) ስታዲየሙ መስፈርቱን አያሟላም ብሎ ዓለም አቀፍ ጨዋታ ሲከለክል፣ ከከተማው ሰው እኩል የተቆጣውና የተከራከረው ከአራት ዓመት በኋላ ወደ አገሩ የሚመለሰው ተማሪ ነበር።

ወደ ምርምሩ ልምጣ። ጣና ውስጥ ለሐይቁ ብቻ የተሰጡ፣ በሳይንሱ ላቤኦባርበስ፣ በባሕር ዳር ገበያ ነጭ ዓሣ የሚባሉ ከ15 ያላነሱ ዝርያዎች አሉ። መንጋጋቸው ላይ ጥርስ ከሌለው ወገን ሆነው ሳለ ከመካከላቸው ስምንቱ ሌላ ዓሣ አድነው የሚበሉ መሆናቸው ተመራማሪን ከሩቅ አገር የሚያመጣ ነገር ነው። ብዙዎቹ በክረምቱ ማብቂያ፣ ከነሐሴ ጀምሮ፣ እንቁላላቸውን ለመጣል ወደ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ወንዞች ይወጣሉ። ችግሩም ያለው እዚህ ላይ ነው። በ1970ዎቹ መጨረሻ የሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ ከገባ በኋላ ወንዙ አፍ ላይ መረብ መዘርጋት ቀላል ሆነ፤ ዓሣው ከመራባቱ በፊት ይያዛል፤ ምርቱም በእጅጉ ቀነሰ።

እኔ ይህን ያነበብኩት ከጽሑፍ ነው። ጉማራ ወንዝ አፍ ላይ ያገኘኋቸው አንድ አዛውንት ዓሣ አስጋሪ ግን ከመረባቸው የፈቱትን ዓሣ በግራ እጃቸው ይዘው፣ በአውራ ጣታቸው ከንፈሩን ገለበጥ አድርገው፣ «ይኼ ከንፈረ ወፍራሙ ከድንጋይ ሥር የሚለቅመው ነው፤ ያኛው አፈ ሰፊው ቀማኛ ነው» እያሉ በየወገኑ ለዩልኝ። እኔ ከመለያ መጽሐፉ ጋር እያመሳከርኩ ከሰዓት በላይ የምፈጅበትን ሥራ እሳቸው እያወሩ ጨረሱት። ከዚያ መጠይቄን ሳወጣ ፊታቸው ተለወጠ።

«ልጄ፣ ባለፈውም መጥታችሁ ጠይቃችሁኛል» አሉኝ።

«እኔ አይደለሁም፣ ጋሼ፤ ሌሎች ይሆናሉ።»

«ለእኔ ሁላችሁም አንድ ናችሁ። የዚያን ጊዜ የነገርኳችሁ ምን ሆነ?»

መልስ አልነበረኝም። የጠየቋቸው ሰዎች ከየት እንደመጡ አላውቅም፤ መመረቂያ ጽሑፍ ጽፈው እንደሆነም ይሆናል፤ ጽሑፉ ግን ወደ ጉማራ አልተመለሰም። በኔ ግምት የማኅበረሰብ አገልግሎት ከሚባለው ነገር ትልቁ ጉድለት ይኸው ነው። የተመራማሪ ቡድን አንድ ጊዜ ይመጣል፣ ፎቶ ይነሣል፣ ይሄዳል፤ ከመስመሩ ጥግ ቆሞ «ባለፈው ሳምንት ያመለጠህስ?» የሚለው ሰው የለም።

እምቦጭ ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። አረሙ ከደቡብ አሜሪካ የመጣ ነው፤ ጣና ላይ በ2004 ዓ.ም. አካባቢ ከታወቀ ወዲህ ተማሪው ሱሪውን ሰብስቦ ውኃ ውስጥ ገብቶ ነቅሏል፤ በ2010 ዓ.ም. «ጣና ኬኛ» ብለው ከኦሮሚያ የመጡ ወጣቶችም አብረው ደክመዋል። ይህን ዘመቻ አላቃልልም፤ ፍቅር ነበረበት። ነገር ግን የአረሙ ፍሬ በደለሉ ውስጥ እስከ 20 ዓመት ተቀብሮ ሊቆይ ይችላል፤ ከእርሻ የሚታጠበው ማዳበሪያና ከከተማው የሚወርደው ፍሳሽ ደግሞ ይቀልበዋል። ስለዚህ የዘንድሮው ነቀላ የሚለካው በተከመረው አረም ብዛት ሳይሆን፣ በሚቀጥለው ዓመት በዚያው ቦታ በሚታየው ነው። ለዚያ ደግሞ ተመልሶ የሚያይ ሰው ያስፈልጋል፤ ያ ሰው በየቀኑ ዳርቻው ላይ የሚውለው ገበሬና አስጋሪው ነው እንጂ እኛ አይደለንም።

የሕግ ትምህርት ቤቱ ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከላት ከዚህ አንፃር ይሻላሉ እላለሁ። ባለጉዳዩ ፋይሉ የት እንደደረሰ ለማወቅ ተመልሶ ይመጣል፤ ካልተረዳም እዚያው ይናገራል። እንዲህ ያለውን ነገር ለዓሣና ለውኃ ምርምርም ማበጀት አይከብድም። ለአማካሪዬ ያቀረብኩት ሐሳብ ጽሑፌን ለፈታኞች ከማቅረቤ በፊት ውጤቱን ወንዙ አፍ ላይ፣ አስጋሪዎቹ መረባቸውን በሚጠግኑበት ሰዓት፣ በአማርኛ እንዳቀርብና የሚሰነዘረውን ትችት በአባሪነት እንዳካትት ነው። በሐሳቡ ተስማምተዋል፤ ጊዜውን ግን ከመስከረም አውጥተን ወደ ኅዳር ገፋነው። በመስከረም ዓሣው ወደ ወንዝ ስለሚወጣ አስጋሪው ለወሬ ጊዜ የለውም፤ እኛም ያን ወቅት መረቡ ይረፍ የሚል ውጤት ይዘን ስለምንሄድ ክርክሩ ቀላል እንደማይሆን እንጠብቃለን።