ጡት ስርና ብሽሽት ሲላጥ፦ የፈንገስ ክሬሙ የማይሠራው መቼ ነው?

ጡት ስር፣ ብብት፣ ብሽሽት ወይም የሆድ እጥፋት ቀልቶ ሲላጥ ፋርማሲ ገብቶ «የፈንገስ ክሬም ስጡኝ» ማለት የተለመደ ነው። ክሬሙ ግን እርጥብ ቆዳ ላይ ከተቀባ ብዙም አይፈይድም። ብዙውን ጊዜ ነገሩን የሚጀምሩት ላብና መፋተግ ናቸው፤ ካንዲዳ የሚባለው ፈንገስ የሚገባው ቆዳው ከተላጠ በኋላ ነው። ጎንደር ደጋ ናት ብሎ መዘናጋትም አያዋጣም። ሐምሌና ነሐሴ ላይ የውስጥ ልብስ በቅጡ ሳይደርቅ ይለበሳል፤ ለሰሊጥ ሥራ መተማና ሁመራ የሚወርደውም ብሽሽቱ ተልጦ ይመለሳል።

መጀመሪያ በደህና ብርሃን እዩት። ካንዲዳ እርጥብና ደማቅ ቀይ ነው፣ ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ ወደ ቡኒ ወይም ሐምራዊ ያደላል፤ ከጠርዙ ወጣ ብለው ትንንሽ ብጉር መሰል ነጠብጣቦች ይበተናሉ። ጠርዙ ከፍ ብሎ የሚፈረፈር፣ መሃሉ እየጠራ የሚሄድ ከሆነ ጭርትን፣ ሌላ ዓይነት ፈንገስን፣ ጠርጥሩ። ኒስታቲን የሚባለው የፈንገስ መድኃኒት ካንዲዳን እንጂ ጭርትን አያድንም። ክሎትሪማዞል 1% ወይም ማይኮናዞል 2% ለሁለቱም ይሆናል። ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ግን ማይኮናዞል ከመቀባቱ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ፤ ደም የማቅጠን ኃይሉን ሊጨምርበት ይችላል።

ጠዋትና ማታ ለብ ባለ ውሃና ለስላሳ ሳሙና ታጠቡ፣ ሳሙናው እንዳይቀር አለቅልቁ። ውሃ በጠፋበት ቀን አንድ ጆግም ይበቃል። በፎጣ አትሹት፣ ጫን ጫን አድርጋችሁ አድርቁ፤ ከዚያ እጥፋቱን ገልጣችሁ 10 ደቂቃ ያህል አየር ይንካው። በእጅ ጀርባ ስትነኩት ቀዝቀዝ ካለ ገና አልደረቀም።

መጠኑ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ከሌባ ጣት ጫፍ እስከ መጀመሪያው መታጠፊያ የተጨመቀ ክሬም ግማሽ ግራም ገደማ ነው፤ ሁለት መዳፍ ከነጣቶቹ የሚያህል ቦታ ይሸፍናል። ለእያንዳንዱ ጡት ስር አንድ አንድ፣ በቀን ሁለቴ ሲሆን በቀን 2 ግራም ይሄዳል። 20 ግራም ቱቦ በ10 ቀን አለቀ ማለት ነው፤ ሕክምናው ግን ከ2 እስከ 4 ሳምንት ይፈጃል። ማሳከኩ ቀድሞ ስለሚጠፋ ሰው ያቋርጣል፣ ፈንገሱም ይመለሳል። ቆዳው ከጠራ በኋላ ሌላ አንድ ሳምንት ቀጥሉ። ነጭ ሆኖ የሚታይ ክሬም በዝቷል፤ ራሱ እጥፋቱን ያረጥባል። ከተቀባ በኋላ ከአሮጌ ነጠላ የተቀደደ ንጹሕ ጨርቅ በእጥፋቱ መሃል አድርጉ፣ ሲረጥብ ቀይሩት።

አሁን ወደ ዋናው አደጋ። ክሎትሪማዞልና ክሎቤታሶል ስማቸው ይመሳሰላል፤ አንዱ የፈንገስ መድኃኒት ነው፣ ሌላው እጅግ ኃይለኛ ስቴሮይድ፣ ማለትም መቅላትና ማሳከክን የሚያበርድ እንጂ ፈንገስን የማይገድል መድኃኒት። ቤታሜታዞንም የዚሁ የስቴሮይድ ወገን ነው፣ በተቀላቀሉ ክሬሞችም ውስጥ ይገባል። እነዚህ መቅላቱን በጥቂት ቀን ያጠፋሉ፣ ፈንገሱ ግን ከስር ይስፋፋል። የእጥፋት ቆዳ ስስና የተሸፈነ ስለሆነ መድኃኒቱን አብዝቶ ይመጥጣል፤ ይሳሳል፣ የማይጠፋ ሸንተረርም ይወጣበታል። ከመክፈላችሁ በፊት የቱቦውን ጀርባ አንብቡ። ማቃጠሉ ከበረታ ሐኪም ቀለል ያለውን ስቴሮይድ፣ ሃይድሮኮርቲሶን 1%፣ ከፈንገስ ክሬሙ ጋር ለጥቂት ቀናት ሊያዝ ይችላል።

ለሁሉ በሽታ የሚቀባው ቴትራሳይክሊን ባክቴሪያን እንጂ ፈንገስን አይነካም። ቫዝሊንና ቅቤ እርጥበቱን ያፍናሉ፤ ሎሚና ነጭ ሽንኩርት የተላጠውን ያቃጥላሉ። ለጭርት የሚቀባው ዊትፊልድ ቅባትም እጥፋት ላይ ይለበልባል። ጂቪ (ጄንሺያን ቫዮሌት፣ ሐምራዊው ቀለም) በውሃ የተበጠበጠው ካንዲዳን ያጠቃል፣ ልብስ ማበላሸቱ ነው እንጂ።

ሽፍታው ከተመላለሰ የደም ስኳር ተለኩ። መግል፣ ትኩሳት ወይም በፍጥነት የሚስፋፋ ሕመም ካለ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂዱ። በ2 ሳምንት ምንም ለውጥ ከሌለ ቆዳው ተፍቆ በማይክሮስኮፕ ይታይ፤ የተቀባችኋቸውን ቱቦዎች በሙሉ ይዛችሁ ሂዱ፣ ክሬም የነካው ቆዳ ፈንገስ እያለበት «የለም» ሊባል ይችላልና።