ኮስታራው ሰውዬ እና የሐምሌ ዝናብ

ባለፈው ቅዳሜና እሁድ ከኮሜዲ ሌላ ምንም ላለማየት ወሰንኩ። ዜና የለም፣ ተከታታይ ድራማ የለም፣ የሚያለቅስ ሰው የለም። የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። ሰኔ 30 ለእኔ ቢጤው ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ቆጠራ፣ ደረሰኝ፣ የጠፋ ደረሰኝ፣ «እኔ ጋ አልመጣም» የሚል ሰው። በጀት ዓመቱ ተዘግቶ ሐምሌ ሲገባ መሳቅ ብቻ ነበር ያማረኝ።

ቤታችን ሽሮ ሜዳ ነው። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ኮርኒሱም ያረጀ። ይህን የምነግራችሁ ያለ ምክንያት አይደለም። ቅዳሜ ከሰዓት የወንድሜ ልጆች መጡ፤ ማሙሽና ታላቅ እህቱ። የሰኔ ጾም ገና አልተፈታምና አክስቴ እቴቴ ፈንዲሻ አፈነዳች፣ ሱፍም ቆላች። እኔ ላፕቶፔን በገመድ ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኘሁና ዩቲዩብ ላይ አንድ የአማርኛ ኮሜዲ ከፈትኩ። የመጀመሪያው ማስታወቂያ አልፎ ሁለተኛው ሲመጣ ሰማዩ ተቀደደ።

ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ያደገ ሰው ያውቀዋል። የሐምሌ ዝናብ ሲለቀው ጎንሽ የተቀመጠውን ሰው እንኳ አትሰሚውም። ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፈትኩት። ተዋናዮቹ አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። እቴቴ «ምን አለች?» ትላለች። ማሙሽ «እኔንጃ!» ይላል። ቀልድ ደግሞ ሲደገም ሞቷል፤ «እንዲህ ነው ያለችው» ብሎ ማስረዳትማ ከነጭራሹ መቅበር ነው።

መላውን ያመጣችው ልጅቷ ናት። «ለምን ድምፅ የሌለው አናይም?» አለች። ስልክ ላይ የቻርሊ ቻፕሊንን ቁርጥራጭ ቪዲዮዎች ታያለች ለካ።

እና ቻፕሊንን ከፈትን። እ.ኤ.አ. በ1925 የወጣውን፣ ወርቅ ፍለጋ በረዶ አገር የሚሄድበትን። እነዚህ ፊልሞች ውስጥ ንግግሩ እየተጻፈ ነው የሚመጣው፤ እሱንም ልጅቷ እያነበበች በጩኸት ትተረጉማለች። ግማሹን ከራሷ ትጨምራለች መሰለኝ፣ ምክንያቱም ቻፕሊን «ኧረ ባካችሁ» ሊል አይችልም።

ጎጆ ውስጥ ከጓደኛው ጋር ተርቦ ጫማውን ቀቅሎ የሚበላበት ቦታ ላይ ደረስን። እዚህ ላይ ላቁም፣ ምክንያቱም ስንት ጊዜ አይቼው አይሰለቸኝም። ጫማውን ከድስት ያወጣዋል። ሳህን ላይ ያስቀምጠዋል። ከጭልፋው መረቁን ያፈስበታል። ቢላዋ ይስላል። ሶሉን ከላይኛው ቆዳ ለይቶ ያነሳና ሚስማሮቹን እየላሰ እንደ አጥንት ይግጣቸዋል፤ ክሩን ሹካው ላይ እንደ ፓስታ ይጠቀልለዋል። ይህን ሁሉ ሲያደርግ ፊቱ ላይ «እዩኝ፣ አስቂኝ ነገር እየሠራሁ ነው» የሚል ነገር የለም። ዝም ብሎ እራት የሚበላ ጨዋ ሰው ነው። ጫማው የተሠራው ከጥቁር ሊኮሪስ ነበር፤ ፈረንጆች ከአንድ ሥር የሚያዘጋጁት ጣፋጭ ነገር ነው።

ማሙሽ ትንሽ አሰበና «እቴቴ፣ ጫማው የጾም ነው?» አላት።

እቴቴ ሳቅ አላለችም። «ቆዳ አይደል እንዴ ልጄ! የፍስክ ነው» አለችና ሱፏን መፈልፈሏን ቀጠለች። እኔና ልጅቷ ፍርፍር ብለን ስንስቅ ቀና ብላ በመገረም አየችን። የቅዳሜው ምርጥ ቀልድ ይህ ነበር፤ ፊልሙም ውስጥ አልነበረም።

ዝናቡ አልቆመም። ስለዚህ በስተር ኪተንን አመጣሁላቸው። እዚህ አገር ቻፕሊንን የማያውቅ የለም፣ ኪተንን የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም እኔ ከሁለቱ አንዱን ምረጪ ብባል እሱን ነው። ኪተን ፊልም ላይ አይስቅም። ቤት ይፈርስበታል፣ ወንዝ ይወስደዋል፣ ፍቅረኛው ታኮርፈዋለች፤ ፊቱ ያው ነው። ኮስታራ።

ከየት እንዳመጣው ለልጆቹ ነገርኳቸው። ገና ሕፃን ሳለ ነው ከወላጆቹ ጋር መድረክ ላይ የወጣው። የትርኢታቸው ዋና ነገር አባትየው ልጁን እያነሳ ወዲያና ወዲህ መወርወሩ ነበር። ለመወርወር እንዲመች ልብሱ ጀርባ ላይ የሻንጣ እጀታ ሰፍተውለት ነበር። እሱ ተወርውሮ ሲነሳ ከሳቀ ተመልካቹ አይስቅም። ኮስተር ብሎ ከተነሳ ግን አዳራሹ በሳቅ ይናጣል። ልጁ ይህን ቶሎ ገባው፤ ዕድሜ ልኩን ያዘው። ማሙሽ ከዚህ ሁሉ ታሪክ የያዘው እጀታዋን ብቻ ነው። ለእኔም ጃኬቴ ላይ ይሰፋልኝ ብሎ እስከ ማታ አስቸገረን።

ያየነው «ስቲምቦት ቢል ጁኒየር»ን ነው፣ እ.ኤ.አ. የ1928ቱን። መጨረሻው ላይ ከተማውን አውሎ ነፋስ ያምሰዋል። ቴሌቪዥኑ ውስጥ ዝናብ፣ ጣሪያችን ላይ ዝናብ። ኪተን መንገድ ላይ ግራ ገብቶት ቆሟል። ከኋላው ያለው ባለ አንድ ፎቅ ቤት የፊት ግድግዳው እንዳለ ይገነጠልና በላዩ ላይ ይወድቃል። እሱ የቆመው ልክ የላይኛው መስኮት ክፍተት በሚያርፍበት ቦታ ነው። ግድግዳው መሬት ይመታል፣ አቧራው ይነሳል፣ ሰውዬው በመስኮቱ መሃል ቆሞ ቀርቷል።

እቴቴ «በስመ አብ!» ብላ አማተበች። የሱፍ ፍሬው ከእጇ ተበተነ።

ይህ በካሜራ ብልጠት የተሠራ አይደለም። ግድግዳው እውነተኛ ነው፤ ሁለት ቶን ገደማ ይመዝናል ይባላል። መስኮቱ በትከሻው ግራና ቀኝ የሚተርፈው የጥቂት ሴንቲሜትር ክፍተት ብቻ ነበር። ትንሽ ወዲህ ቢል ኖሮ ፊልሙም እሱም እዚያው ያበቁ ነበር። ይህን ሁሉ ነግሬያት እቴቴ የጠየቀችው ሌላ ነገር ነው። «ታዲያ ተርፎ እንኳ ለምን አይስቅም?»

«እሱ ከሳቀ አንቺ አትስቂማ» አልኳት።

«እንደ ደረጀ በይኛ» አለች።

ገረመኝ፣ ምክንያቱም ልክ ናት። ደረጀ ኃይሌና ሀብቴ ምትኩ በቴሌቪዥን የበዓል ፕሮግራም ላይ ሲመጡ ሰፈሩ ሁሉ አንድ ቤት የሚሰበሰብበትን ጊዜ አስታወስኩ። ሁላችንም ሀብቴን ነበር የምናወድሰው። ግን ሀብቴ የሚያስቀው ደረጀ እዚያ ጎን ቆሞ በትዕግሥት ስለሚሰማው፣ ስለሚናደድ፣ ስለሚጠይቀው ነው። ልመነህ ታደሰና አለባቸው ተካም ጥንድ ሆነው ነው የተወደዱት። ጎኑ ሆኖ ኳስ የሚያቀብለው ሰው ከሌለ ቀልደኛው ብቻውን ይቀራል። በዚያ ላይ ጭብጨባው ሁልጊዜ ለሚያገባው ነው።

ማታ ዝናቡ አባራ፤ ወደ ጀመርነው የአማርኛ ፊልም ተመለስን። አንድ ሰሞን ፖስተሩ ላይ «የፍቅር ኮሜዲ» ያልተጻፈበት ፊልም ማግኘት ያስቸግር ነበር፤ ይህም የዚያ ዘመን ነው። ትልቅ ቪላ፣ ሀብታም አባት፣ ቆንጆ ልጅ፣ ድሃ ጎረምሳ። ቀልዱን ሙሉ በሙሉ የተሸከሙት ዘበኛውና ሠራተኛዋ ናቸው። ዘበኛው እንደተለመደው የገጠር አነጋገር ያጋንናል። እቴቴ ተወልዳ ያደገችው መንዝ ነው። ትንሽ አየችና «እኛ አገር እንዲህ የሚያወራ ሰው እኔ አላየሁም። ይኼ ሰውዬ ታሞ ነው?» ብላ ጋቢዋን ተከናንባ ወደ መኝታዋ ሄደች። ልትከራከሯት አትችሉም። የባሰው ግን ሙዚቃው ነው። ተዋናዩ አንድ ነገር በተናገረ ቁጥር «ቧ ቧ ቧኣ» የሚል ድምፅ ይመጣል፣ እዚህ ጋ ሳቁ ለማለት። አልሳቅኩም። አንድ ቦታ ላይ ግን ሠራተኛዋ ወጥ እያማሰለች የቤቱን ሚስጥር ሁሉ ስትሰማ ማማሰሉን ቀስ እያደረገች፣ ቀስ እያደረገች መጥታ ጭልፋውን ጭራሽ ታቆመዋለች። ቃል አልተነፈሰችም። እዚያ ጋ ሙዚቃም አልነበረም። እዚያ ጋ ሳቅኩ።

እሁድ የሲኒማ ቤት ቀን ነበር። እቴቴን ለመንኳት፣ እምቢ አለች። ወጣት ሳለች መርካቶ ሲኒማ ራስ ገብታ ታውቃለች፤ ከዚያ ወዲህ «በጨለማ ከማላውቀው ሰው ጋር ምን አስቀመጠኝ?» ነው የምትለው። አዲስ አበባ የመጀመሪያው ሲኒማ ቤት ሲከፈት ሕዝቡ «ሰይጣን ቤት» ብሎ ስም አውጥቶለት ነበር። እቴቴ ያኔ ብትኖር ስሙን ካወጡት አንዷ ትሆን ነበር።

ስለዚህ ከሥራ ባልደረባዬ ጋር ተቀጣጠርን። ከሽሮ ሜዳ አራት ኪሎ፣ ከአራት ኪሎ ቦሌ፤ ታክሲው ውስጥ የሰው ጃንጥላ ጉልበቴ ላይ እየተንጠባጠበ ደረስኩ። እሷ ትኬት ቆርጣ፣ ፈንዲሻ ይዛ ትጠብቀኛለች። አዳራሹ ግማሹ ሞልቷል። አርፍደው የገቡት በስልክ መብራት ወንበር ይፈልጋሉ፣ መብራቱን ዓይናችን ላይ ያደርጉታል። ከኋላችን ያለው ሰውዬ ፊልሙን አስቀድሞ ያየው መሆን አለበት፣ ከቀልዱ በፊት ይስቃል። አንዲት ሴትዮ ስልኳ ጮኸ፣ አነሳች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ (ዝቅ ያደረገች መስሏት) «ሲኒማ ነኝ... አዎ... ቆይ እደውላለሁ፣ አሁን ሽማግሌ እየላኩ ነው» አለች። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። የፊልሙ ጸሐፊ እዚያ ቢኖር ይቀና ነበር።

ሽማግሌ እየላኩ ነበር፣ እውነቷን ነው። ልጁ ዘመድ የለውም፤ የልጅቷ ቤተሰብ ደግሞ ሽማግሌ ካልተላከ አይሆንም ብለዋል። ስለዚህ ሦስት ሰው ይከራያል። አንዱ ጡረታ የወጣ ወታደር፣ አንዱ ሎተሪ አዟሪ፣ ሦስተኛው የታክሲ ረዳት። ነጠላ አልብሶ፣ ዱላ አስይዞ፣ ሲያለማምዳቸው ይውላል። ቀኑ ደርሶ ሄዱ። ሳሎኑ በዘመድ ሞልቷል። አባትየው እጁን ዘርግቶ «ተቀመጡ እንጂ» ሲል ወንበር አይበቃም። ረዳቱ ጭንቅ ሲለው ልማዱ አመለጠው። «ጠጋ ጠጋ በሉ! አንድ ሰው ይገባል!»

አዳራሹ ፈረጠ። ባልደረባዬ ፈንዲሻዋን ደፋችው። እኔን ግን እንባዬ እስኪመጣ ያሳቀኝ ከዚያ ቀጥሎ የመጣው ነው። ሶፋው ጥግ ላይ የልጅቷ አያት ተቀምጠዋል። የቡና ስኒ ይዘዋል። ማንንም አላዩም፣ ምንም አላሉም። ጠጋ አሉለት። በቃ። አንድ ሙሉ ዕድሜ በታክሲ የሄዱ ሴትዮ ናቸው። ተዋናይቷን አላውቃቸውም፤ ፊልሙ ውስጥ ያላቸው ንግግር ተደምሮ አንድ ገጽ አይሞላም። ፖስተሩ ላይም የሉም።

ከዚያ ወዲያ ያለውን ቶሎ ልለፈው። ከእረፍት በኋላ እንደ ብዙ ፊልሞቻችን ኮሜዲው ተረሳ። ሙሽራው ታመመ። ኮሜዲ ብለን ገብተን ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ተገኘን፣ ግሉኮስ ተሰቅሎ፣ ክራር እየተመታ። ለምን? ሰው በሳቁ ቢወጣ ገንዘቡ ይመለስለታል ወይ? አንድ ሰዓት ሙሉ በደንብ ካሳቁን በኋላ «ቁም ነገርም አለን» ለማለት የሚያስለቅሱን አይገባኝም። ቁም ነገሩ እኮ ሽማግሌ ኪራዩ ውስጥ ነበር፤ ዘመድ የሌለው ሰው አዲስ አበባ ላይ እንዴት ያገባል የሚለው።

ባልደረባዬ ግን አለቀሰች። ወጥተን ማኪያቶ ስንጠጣ «ሁለተኛው ክፍል ይሻላል» አለችኝ። ተከራከርን። ረዳቱን ሆኖ የሠራው ልጅ ትልቅ ተዋናይ ይወጣዋል ትላለች፤ ይወጣዋል። እኔ ስለ አያትየዋ ሳነሳ «የትኛዋ አያት?» አለችኝ።

ቤት ስገባ ማሙሽ አልሄደም። ለሚቀጥለው ቅዳሜ ምን እንደምናይ ሊያውቅ ቆይቷል። የኪተንን «ዘ ጀነራል» አልኩት፣ እ.ኤ.አ. የ1926ቱን። ባቡር አለበት፤ እውነተኛ ባቡር ነው፣ በሚቃጠል ድልድይ ላይ ሲያልፍ ድልድዩ ተሰብሮ ወንዝ ውስጥ ይገባል። ማሙሽ ከባቡሩ እንጀምር አለ። እቴቴ ደግሞ ከጓዳ ሆና «እስከዚያ ጾሙ ተፈትቷል፣ ጫማም ቢሆን አምጡ» አለች። ሳትስቅ።