ገመዱ የት ይታሰር?

የእናቴን ቤት ከሐዋሳ ሐይቅ የሚለየው ከተማዋን ከሐይቁ ሙላት ለመከላከል የተሠራው የአፈር ግድብና አንድ ጠባብ መንገድ ብቻ ነው። ከግድቡ ማዶ፣ ፊላው ሳሳ ብሎ ውኃው በሚታይበት ቦታ፣ በየሌሊቱ ከሰባት እስከ አሥር የሚሆኑ ጀልባዎች ታስረው ያድራሉ፤ በሁለቱ ወይም በሦስቱ ውስጥ ደግሞ ሸራ ወጥሮ የሚተኛ ሰው አለ። አብዛኞቹ ለጥበቃ የሚያድሩ ሲሆኑ፣ አንዱ ግን የቤት ኪራይ መክፈል ካቃተው ወዲህ ልብሱንም ምድጃውንም ጀልባው ላይ አድርጎ ከዓመት በላይ እዚያው ኖሯል።

ባለፈው ጥቅምት የሰፈሩ ነዋሪዎች ጀልባዎቹ ከዚያ እንዲነሡ የሚጠይቅ ማመልከቻ ለማስገባት ተስማሙ፤ እናቴም ረቂቁን እኔ እንዳዘጋጅ አዘዘችኝ። ቅሬታዋን ደጋግሜ ስለሰማሁት ሥራው ቀላል መስሎኝ ነበር። የከሰሉ ጭስ በመስኮት ይገባል፤ ከእኩለ ሌሊት በኋላም ወሬ አይቋረጥም፤ መጸዳጃ ስለሌለ በፊላው ውስጥ የሚቀረው ቆሻሻ ክረምት ሲሆን እስከ ግድቡ ሥር ይመጣል። ዕድሜዋ ሰባ እየተጠጋ ላለ፣ ሌሊት አንዴ ከነቃች እንቅልፍ ለማይወስዳት ሴት ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ባለጀልባዎችን የሚደግፍ ሰው ሁሉ አስቀድሞ ይህን ማመን አለበት ብዬ አምናለሁ።

ሆኖም ስለ ሰዎቹ አንድም ቃል ሳልጠይቅ እንዲባረሩ መጻፍ ስለከበደኝ፣ አንድ ቀን ወደ ማታ ግድቡን ተሻግሬ ወረድኩ። ሁላችንም ጋሼ እያልን የምንጠራቸው አንድ አዛውንት ዓሣ አስጋሪ መረባቸውን እየጠገኑ አገኘኋቸው።

«ጋሼ፣ ለምን ራቅ ብላችሁ አታስሩም?» አልኳቸው።

«የት ልሂድ ልጄ? እዚያ ማዶ አጥር ነው፣ ከዚያ ወዲያም አጥር ነው። መሐል ላይ መልህቅ ጥዬ ባድር ደግሞ ሌሊት ነፋስ ቢነሣ ማን ይደርስልኛል?»

ይህ መልስ ስለ ጀልባ የማያውቅ ሰው ሰበብ ሊመስለው ስለሚችል ጥቂት ማብራራት ይገባኛል። በእኛ ሐይቅ ላይ አስጋሪዎች መረባቸውን ወደ ማታ ዘርግተው ንጋት ላይ ያነሡታል፤ ስለዚህ ጀልባው ሌሊቱን ከውኃው አጠገብ መገኘት ይኖርበታል። መልህቅ ጀልባን የሚይዘው በክብደቱ ብቻ አይደለም፤ ገመዱ ረዝሞ ወደ ጎን እንዲስበው ካልተለቀቀለት በስተቀር ከጭቃው ላይ ይነሣል። ለዚህም የገመዱ ርዝመት ከውኃው ጥልቀት አምስት ወይም ሰባት እጥፍ ሊደርስ ይገባል፤ በአራት ሜትር ውኃ ላይ የቆመ ጀልባ ከሃያ ሜትር በላይ ገመድ ይፈልጋል፣ ነፋሱ በዞረ ቁጥርም በዚያ ገመድ ልክ ይዞራል ማለት ነው። የእኛ ሰዎች መልህቅ ደግሞ ባብዛኛው በማዳበሪያ ከረጢት የተቋጠረ ድንጋይ በመሆኑ፣ ጭቃውን ቆንጥጦ የሚይዝ ጥርስ የለውም። ዳርቻ ላይ ችካል ተክሎ ማሰር ለእነርሱ ጀልባን ከመጥፋት ማዳኛ ነው።

ታዲያ ሰው ለምን ጀልባው ላይ ይተኛል? ጋሼ የነገሩኝ ምክንያት አንድ ነው፤ ሌብነት። ሞተር ይፈታል፣ መረብ ይወሰዳል። የአንድ ቤተሰብ የዓመታት ቁጠባ የተከፈለበትን ሞተር ጨለማ ውስጥ ጥሎ ወደ ቤቱ የሚሄድ የለም። በእናቴ ዘንድ «መኖሪያ አደረጉት» የተባለው ነገር፣ ከዚያ ከአንዱ ሰው በቀር፣ ጥበቃ ሆኖ ተገኘ።

ነገሩ የከረረው ግን በእናቴ ቅሬታ ምክንያት አልነበረም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከቤታችን ትንሽ ራቅ ብሎ የተከፈተ አንድ ማረፊያ አጥሩን እስከ ውኃው ውስጥ ዘልቆ እንዲገባ አደረገው፤ እንግዶቹ ሐይቁን ያለ ከለላ እንዲያዩም ከፊቱ ያለውን ፊላ አስጨደ። ቀድሞ በዚያ በኩል ያስሩ የነበሩ ጀልባዎች ወደ እኛ በኩል ተገፉ፤ መጨናነቁም ሆነ ጩኸቱ የበዛው ከዚያ በኋላ ነው። አንድ ጧት የሁለት ጀልባዎች ገመድ በስለት ተቆርጦ፣ ጀልባዎቹም በነፋስ ተነድተው ድንጋይ ላይ ተሰንጥቀው ተገኙ። ማን እንደቆረጠው እስካሁን አልታወቀም፤ እኔም ማንንም አልወነጅልም።

ያ አጥር ስለ ሐይቁ ጠባይ እንዳስብ አድርጎኛል። ሐዋሳ ሐይቅ ከጨለለቃ ረግረግ በሚነሣው በጥቁር ውኃ ወንዝ ይመገባል፤ የሚወጣበት ወንዝ ግን የለውም። በዚህም ምክንያት ዝናብ ሲበዛ ሐይቁ ይሞላል፣ ሲያንስ ይሸሻል፤ ዳርቻው ከዓመት ዓመት አንድ ቦታ ላይ አይገኝም። ግድቡም የተሠራው ሐይቁ እየሞላ ወደ ከተማዋ በመጠጋቱ ነው። ትናንት ደረቅ መሬት ላይ የተተከለ የአጥር ቋሚ ዛሬ ውኃ ውስጥ ሊቆም ይችላል፤ ባለቤቱ ግን ውኃው ወደ እርሱ መጣ እንጂ እርሱ ወደ ውኃው አልሄደምና የውኃው ባለቤት አይሆንም። በሌላ በኩል ሐይቁ ሲሸሽ የሚገለጠውን መሬት ተከትሎ አጥር የሚያስገፋ ሰው፣ በሚቀጥለው ሙላት የጋራውን ውኃ አጥሮ ይገኛል።

ሕጋችን በዚህ ላይ ዝም አላለም። በ1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 3 የመሬትም ሆነ የተፈጥሮ ሀብት ባለቤትነት የመንግሥትና የሕዝብ ብቻ መሆኑን ይደነግጋል፤ የውኃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992ም የአገሪቱን ውኃ ሁሉ የሕዝብና የመንግሥት የጋራ ሀብት ያደርገዋል። በሊዝ የተገኘ ይዞታ በወሰኑ ውስጥ ላለው መሬት የመጠቀም መብት ይሰጣል፤ ከዚያ ወሰን ባሻገር ላለው ውኃና እይታ ግን አይሰጥም። አስተሳሰቡ ጥንታዊ ነው። በ533 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) በንጉሠ ነገሥት ዩስቲኒያኖስ ትእዛዝ የወጣው የሮማ ሕግ መማሪያ፣ የወንዝ ዳር መሬት የባለርስቱ ቢሆንም ማንም ሰው ጀልባውን እዚያ የማስጠጋት፣ ገመዱንም በዳርቻው በበቀለ ዛፍ ላይ የማሰር ነፃነት እንዳለው ይናገራል። ባለቤትነትና አጠቃቀም ተለያይተው እንዲታዩ የሚያደርገው ይህ ድንጋጌ ስለ እናቴ ሰፈር የተጻፈ መስሎ ታየኝ።

ጀልባ ላይ መኖር በበዛባቸው አገሮችም ክርክሩ ይኸው ነው። በእንግሊዝ የ1995ቱ (እ.ኤ.አ.) የውኃ መስመሮች ሕግ ቋሚ ማሰሪያ የሌለው ጀልባ በአንድ ስፍራ በተከታታይ ከ14 ቀን በላይ እንዳይቆም ይጠይቃል፤ በቂ ምክንያት ላለው ግን ጊዜው ሊራዘምለት ይችላል። በፍሎሪዳ በ2016 (እ.ኤ.አ.) የወጣ ሕግ ደግሞ በማያሚ አካባቢ ባሉ አንዳንድ ስፍራዎች ሌሊት መልህቅ ጥሎ ማደርን ከልክሏል፤ ግፊቱም በውኃው ዳር ቤት ካላቸው ሰዎች የመጣ ነበር። ከሁሉም ይበልጥ ያሳሰበኝ በካሊፎርኒያ ያለው ሪቻርድሰን ቤይ የተባለ የባሕር ወሽመጥ ነው። እዚያ መልህቅ ጥለው የሚኖሩ ሰዎች እንዲነሡ የተወሰነው በእይታ ምክንያት ብቻ ሳይሆን፣ የመልህቆቹ ሰንሰለቶች ነፋስ ባዞራቸው ቁጥር የባሕሩን ሣር በክብ በክብ እየላጩት በመገኘታቸው ነው፤ ሣሩ ደግሞ ዓሣ እንቁላሉን የሚጥልበት ነው። ይህን ምክንያት ማንም ቅን ሰው ሊንቀው አይችልም።

እኛም ዘንድ ቆሮሶ የተባለው ዓሣ የሚራባው ከዳርቻው ብዙ ሳይርቅ፣ ፊላና ቄጠማ ባለበት ጥልቀት በሌለው ውኃ ነው። ጀልባዎች በየቦታው ፊላውን እየረገጡ ቢገቡ ጉዳት እንዳለው ጋሼም አልካዱም። ነገር ግን ለእይታ ተብሎ የተጨደው የማረፊያው ፊላ ሰባት ጀልባዎች ከሚያበላሹት ሁሉ የሰፋ ነው፤ ስለ ተፈጥሮ ጥበቃ የሚጠቅስ ማመልከቻ ጀልባዎቹን ጠርቶ አጥሩን ቢዘልል ሐሰት ይሆንብኛል።

ስለዚህ ረቂቁን ቀደድኩትና ሌላ ጻፍኩ። ጀልባዎቹ እንዲነሡ ሳይሆን፣ ፊላ በሌለበት አንድ ቦታ ላይ ችካልና መብራት ያለው ማሰሪያ እንዲወሰን፣ አጠገቡም መጸዳጃ እንዲሠራ፣ ለሌሊት ጥበቃም ባለጀልባዎቹ እያዋጡ አንድ ሰው እንዲቀጥሩ፣ አጥሩም ከውኃው እንዲወጣ የሚጠይቅ ነው። ጠባቂ ከተገኘ ጀልባ ላይ የሚያድሩት ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ፤ ጭሱና ወሬውም አብሮ ይቀንሳል። ቤት ያጣውን ሰው ጉዳይ ለብቻው ጻፍኩት፤ ምክንያቱም የእርሱ ችግር ኪራይ እንጂ መልህቅ አይደለም፣ ገመዱን ብንቆርጥበት የሚሄደው ወደ ሌላ ሰው ደጃፍ ነው።

ለእናቴ ሳነብላት መነጽሯን አውልቃ እስከ መጨረሻው አዳመጠችኝ። «መጸዳጃውን መጀመሪያ ላይ አድርገው» አለችኝና ፈረመች። ጋሼና ሌሎች አምስት ባለጀልባዎችም ከሥሯ ፈረሙ። ከጎረቤቶቻችን ሁለቱ ግን እንቢ አሉ፤ አንደኛው «አንተ የእነርሱ ወገን ሆነሃል» ብሎ ከዚያ ወዲህ ሰላምታዬን አይመልስም። ማመልከቻው በኅዳር ገብቷል፤ መልስ አልመጣም። ሁለቱ የተሰነጠቁ ጀልባዎች ግድቡ ላይ ተገልብጠው በሬንጅ እየተደፈኑ ናቸው፤ እናቴም ማታ ማታ የግቢዋን መብራት ወደ ውኃው በኩል አዙራ ታበራላቸዋለች።