መኪናዋ መቼ ተነሳች?

ነገሩ የጀመረኝ ካልኩለስ (የለውጥ ሒሳብ) ስከልስ ነው። አንድ ነገር ቆሟል እንበል። ፍጥነቱ ዜሮ ነው። እንዲንቀሳቀስ ፍጥነቱ መጨመር አለበት፤ ስለዚህ አክስለሬሽን (የፍጥነት ለውጥ መጠን) ያስፈልገዋል። ግን አክስለሬሽኑም ቅድም ዜሮ ነበር። እሱን የሚያሳድገው ጀርክ (የአክስለሬሽን ለውጥ መጠን) ነው። ጀርክንስ? ስናፕ። ከዚያ ክራክል፣ ከዚያ ፖፕ። (የመጨረሻዎቹ ሦስት ስሞች ከቁርስ እህል ማስታወቂያ የመጡ ናቸው፣ የምሬን ነው።) ማለቂያ አጣሁለት። ታዲያ ቀድሞ የሚነቃው የቱ ነው?

ለክቼ አየዋለሁ አልኩ። አንዲት የመጫወቻ መኪና ጠረጴዛ ላይ አቆምኩ፣ ከጎኗ ማስመሪያ አጋደምኩ። በክር እየሳብኩ በስልኬ በሰከንድ 120 ፍሬም ቀረጽኳት። ከዚያ ፍሬም በፍሬም ቦታዋን አንብቤ ኤክሴል ላይ ሞላሁ። የሁለት ተከታታይ ፍሬሞችን ልዩነት በ120 ሳባዛ ፍጥነቷ ወጣ። ትንሽ ይንቀጠቀጣል፣ ግን ይታመናል። እንደገና እንዲሁ ሳደርግ አክስለሬሽኑ የመጋዝ ጥርስ መሰለ። ጀርኩንማ ተዉት።

ሁለት ቀን ሙሉ ፎርሙላዬን ስፈትሽ ዋልኩ። ፎርሙላው ምንም አልነበረበትም፤ ጥፋቱ የዓይኔ ነው። ማስመሪያው ላይ 1 ሚሊሜትር ብሳሳት ፍጥነቱ በሰከንድ 0.12 ሜትር ይዛባል። አክስለሬሽኑ ላይ ስህተቱ ቢያንስ 14 ሜትር በሰከንድ ካሬ ይደርሳል፤ የመሬት ስበት እንኳ 9.8 ነው! ጀርክ ላይ ከ1,700 ያልፋል። ለካ ስለካው የዋልኩት የገዛ ዓይኔን ስህተት ኖሯል። ይባስ ብሎ፣ ፈጣን ካሜራ ባመጣና ንባቤ ባይሻሻል ነገሩ ይብሳል እንጂ አይሻልም፤ ማባዣው ያድጋላ።

ስለዚህ አክስለሬሽኑን በቀጥታ ልለካው ወሰንኩ። ስልኩን ካርቶን ሳጥን ውስጥ ከትቼ አክስለሮሜትሩን (አክስለሬሽን የሚለካውን ሴንሰር) አበራሁና በላስቲክ ጎተትኩት። ላስቲኩ ተለጠጠ፣ ሳጥኑ ንቅንቅ አላለም። ጨመርኩ፤ አሁንም የለም። ከዚያ በድንገት ዘለለ። እዚህ ጋ ነው የነቃሁት። ጉልበቱ እየጨመረ የመጣው ቀስ ብሎ ነው፤ ሰበቃው ግን እኩል እየመለሰ ያዘው። ሳጥኑ ሲላቀቅ ሰበቃው ራሱ ቀነሰ፣ ዝላዩም ከዚያ መጣ። ሳጥኑን ያስነሳው ኃይል ነው እንጂ ጀርክ አክስለሬሽንን ቀስቅሶት አይደለም። ዴሪቬቲቮቹ (ፍጥነት፣ አክስለሬሽን፣ ጀርክ እያሉ የሚቀጥሉት፣ እያንዳንዱ የቀዳሚው የለውጥ መጠን) እንደ ባቡር ፉርጎ አንዱ ሌላውን የሚጎትት ይመስለኝ ነበር። አይደሉም። ሁሉም የአንድ ከርቭ፣ ቦታ ከጊዜ ጋር ሲለወጥ የሚያሳየው መስመር፣ መግለጫ ናቸው።

ግን ሒሳቡ አልለቀቀኝም። ቢያንስ አንዱ ዴሪቬቲቭ መነሻዋ ላይ ከዜሮ መለየት የለበትም? የለበትም! ይህን ሞክሩ፦ 1ን ለሰከንዱ አካፍሉ፣ 2.718ን በዚያ ቁጥር ፓወር አንሱ፣ ከዚያ 1ን ለውጤቱ አካፍሉ። ያ መኪናዋ በሜትር የተጓዘችው ርቀት ይሁን፤ እስከ ዜሮ ሰከንድ ድረስ ግን ቆማለች እንበል። 0.2 ሰከንድ ላይ 6.7 ሚሊሜትር ሄዳለች። 0.1 ላይ 45 ማይክሮሜትር፣ አብዛኛውን ጊዜ የፀጉር ውፍረት እንኳ የማይሞላ። 0.05 ላይ 2 ናኖሜትር። ከዜሮ በኋላ በየትኛውም ቅጽበት ቦታዋን ለቃለች። ዜሮ ላይ ግን ፍጥነቷ፣ አክስለሬሽኗ፣ ጀርኳ፣ ስናፗ፣ እስከፈለጋችሁት ድረስ ሁሉም ዜሮ ነው። አንዱም ቀድሞ አልነቃም፣ እሷ ግን ሄዳለች። በእጄ እስከ ሦስተኛው ዴሪቬቲቭ ሠርቼ ካየሁት በኋላ ነው ያመንኩት።

በፊት ኤክሴሉ ላይ «42ኛው ፍሬም ላይ ተነሳች» ብዬ ጽፌ ነበር። አጥፍቼ «በ42 ላይ ተነስታ ተገኘች» አልኩት።