«ደረሰኝ አለህ?»

ባለፈው ጥር ከሥራ ስመለስ፣ ቤልትዌይ (አሜሪካ፣ ዋሽንግተን ዲሲን የሚዞረው አውራ ጎዳና) ላይ የሲልቨር ስፕሪንግ መውጫ ልደርስ ስል መኪናዬ ማንኳኳት ጀመረች። ሬዲዮ ከፍቼ ስለነበር ከበሮ መስሎኝ ነበር። ስዘጋው ኳኳታው ባሰ። ወዲያው የዘይቱ መብራት በራ። ዳር ይዤ እስካቆም ሞተሩ ነክሶ ቀረ።

ዋራንቲ አላት ብዬ ተጽናናሁ። የሞተሩ ዋስትና 5 ዓመት ወይም 60,000 ማይል ነው፤ የእኔዋ ገና 47,000 ላይ ነበረች። ዲለሩ (የአምራቹ ወኪል ሻጭ) ጋ አስጎተትኳት።

ከዘጠኝ ቀን በኋላ ተደወለልኝ። የብየላው (ፒስተኑን ከክራንኩ የሚያገናኘው ዘንግ) ኩሽኔታ ተበልቷል፣ ሞተሩ መቀየር አለበት። «የዘይት ቅያሪ ደረሰኝ አለህ?» የለኝም። «እንግዲያው ዋራንቲው አይሸፍነውም፤ 8,600 ዶላር።»

ደረሰኝ ከየት ይምጣ? ዘይት የምቀይረው ጋሼ የምንላቸው ያገር ሰው ጓሮ ነው። ዘይቱንና ፊልትሮውን ገዝቼ እሄዳለሁ፣ እሳቸው መኪናው ሥር ይገባሉ፣ ባለቤታቸው ቡና ያፈላሉ። 30 ዶላር እጃቸው ላይ ሸጎጥ፣ አለቀ። በዚያ ላይ ደረሰኝ ብጠይቃቸው የሚቀየሙኝ ይመስለኝ ነበር።

የዲለሩ ሠራተኛ ግን «እኛ ጋ ብታሠራ ኖሮ» ብሎ ጨመረበት። የተናደድኩት ያኔ ነው። በ1975 የወጣ ማግኑሰን-ሞስ የሚባል የፌዴራል ሕግ አለ። ሌላ ቦታ አሠርተሃል በሚል ብቻ ዋስትናህን ሊከለክሉህ አይችሉም። መኪናዋ የተበላሸችው ጥገና አጥታ መሆኑን ካሳዩ ግን መብታቸው ነው። (ኡበር ብሠራባት ኖሮ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነበር፤ ለንግድ የዋለ መኪና የማይሸፍን ውል ብዙ ነው።)

በመጀመሪያ እምቢታቸውን በጽሑፍ ስጡኝ አልኩ። የስልክ ወሬ ነገ ይካዳል። ከዚያ ዘይት የምገዛበት መለዋወጫ ሱቅ ሄድኩ። ለካ በገዛሁ ቁጥር የምሰጣቸው ስልክ ቁጥር ሁሉንም መዝግቦታል! ስምንት ጊዜ ዘይትና ፊልትሮ፣ ከነቀኑ። ሻጯ አትማ ስትሰጠኝ ላቅፋት ምንም አልቀረኝም።

ጋሼም በልጃቸው እርዳታ ደብዳቤ ጻፉልኝ። «መኪናውን እንደ ልጁ ነው የሚይዛት» የሚለውን በልመና አስወጣሁት። ሌላ መካኒክ 180 ዶላር ከፍዬ የተፈታውን ሞተር አሳየሁ። ዘይት ሳይቀየርለት የኖረ ሞተር ውስጡ እንደ ተወቀጠ ኑግ ጥቁር ልጥልጥ ይይዛል። የእኔው ንጹሕ ነበር። ፎቶ አንስቶ ጽፎ ፈረመልኝ።

ይህን ሁሉ ለዲለሩ ሳይሆን በቀጥታ ለአምራቹ ላክሁ። አንድ ቅጂ ደግሞ ለሜሪላንድ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ የሸማቾች ጥበቃ ክፍል፤ እነሱ በነጻ ያሸማግላሉ። ከአምስት ሳምንት በኋላ አምራቹ ሞተሩንም የእጅ ዋጋውንም ሊሸፍን ተስማማ። ለተከራየኋት መኪና ግን አንከፍልም አሉ። ደክሞኝ ነበር፣ ተውኩት።

ባለፈው ሳምንት ዘይት ልቀይር ጋሼ ጋ ሄድኩ። ሲጨርሱ ከልጃቸው ደብተር አንድ ገጽ ቀደዱ። ቀኑን፣ ማይሉን፣ 30 ዶላሩን ጽፈው ፈረሙ።

«ማኅተም የለኝም እንጂ» አሉና ዘይት የነካ አውራ ጣታቸውን ወረቀቱ ላይ ተጫኑት።